ይትረፈን

«መርፌዋ ተሰበረ» አለች ፍሬወይኒ።

«ወይ መርፌዋ ተሰበረች፣ ወይ መርፌው ተሰበረ ይበሉ» አለ ሔሩይ፣ ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል።

«ሁለቱም ይሆናል?»

«ሁለቱም ይሆናል። መቀላቀሉ ነው የማይሆነው።»

«ኣንታ፣ ታዲያ መርፌ ወንድ ናት ሴት?»

ሽማግሌው ሸማኔ ኣቦይ ሓዱሽ ከሽመና ጉድጓዳቸው ውስጥ ሆነው ሳቁ። «አንቺ በዚህ አማርኛሽ አንድ ቀን ባልሽን ታስወልጂዋለሽ!»

«ይውለድ! እስቲ እሱም ይየው!» አለች፤ የሚጠልፉት ሴቶች ሁሉ ሳቁ።

የማኅበሩ ቤት መቀሌ፣ ቀዳማይ ወያነ ሰፈር ውስጥ፣ ከገበያው ጀርባ ነው። ኣቦይ ሓዱሽና ሌሎች ሽማግሌዎች ይሸምናሉ፣ ሴቶቹ ጥልፉን ይጠልፋሉ፣ ሔሩይ የተጠለፈውን ቀሚስ አድርጎ ይሰፋል። ፍሬወይኒ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ናት። ሔሩይ ደግሞ ጸሓፊ ነው። አባቱ ከመንዝ መጥቶ መቀሌ የቀረ የመንግሥት ሾፌር ስለ ነበር በቤቱ አማርኛ፣ በደጁ ትግርኛ እየተናገረ አደገ። ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል አላሳለፈም። ማኅበሩ ለመንግሥት የሚጽፈውን ግን እሱ ይጽፋል። ወረቀት ላይ አይፈራም። ሰው ፊት ሲቆም ነው ምላሱ የሚታሰረው።

በዚያ በ2009 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ፍሬወይኒ ሥራ እየሠራችም በአማርኛ ብቻ እናገራለሁ ብላ ነበር። ምክንያቱም ከአዲስ አበባ የጥናት ባለሙያዎች ሊመጡ ነው። እንዳ ኢየሱስ በሚባለው ሰፈር ካለው ዳገት ሥር ባለ አንድ አዳራሽ ትንንሽ ማኅበራትን ሰብስበው ስለ ንግድ ፖሊሲ አሳባቸውን ሊሰሙ ነበር። የማኅበሩ ጉዳይ የታወቀ ነው። ጥልፉ በፋብሪካ የታተመበት የውጭ ጨርቅ ገበያውን ሞልቶታል። ከሩቅ ሲያዩት የእጅ ጥልፍ ይመስላል፤ ዋጋው ግን የክሩን ያህል እንኳ አይሆንም። አሁን ደግሞ አንድ ረቂቅ መመሪያ ተዘጋጅቷል ተባለ። ትንንሽ የልብስ ማኅበራት «ለሥራችን ያስፈልገናል» ካሉ፣ ይህ ጨርቅ እንደ ጥሬ ዕቃ ተቆጥሮ፣ በእነሱ ስም ከቀረጥ ነፃ እንዲገባ የሚፈቅድ ነው። ማኅበሩ ተሰብስቦ በአንድ ድምፅ አንፈልግም አለ። ይህን የምትናገረው ደግሞ ፍሬወይኒ ናት።

«አስተርጓሚ አለ እኮ» ብሏት ነበር ሔሩይ።

«ዓምናም ነበረ» አለችው። «እኔ በትግርኛ አንድ ሰዓት ተናገርኩ። እሱ 'በጠቅላላው ደስተኛ ነኝ ብላለች' አለና ተቀመጠ። ዘንድሮ በራሴ አፍ ነው።»

ከዚያ ቀጥላ ጣቷን አነሣችበት። «አንተ ደግሞ ቃልህን አትርሳ።»

ቃሉ እንዲህ ነው። በመጋቢት ወር በክፍለ ከተማው ስብሰባ ፍሬወይኒ አንድ ጢማም ኃላፊን «እንኳን ደህና መጣሽ» አለቻቸው። ሔሩይ ሳያስበው ከኋላ «መጡ!» ብሎ አረማት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ፍሬወይኒ የመሥሪያ ቦታ ጥያቄውን ይዛ ነበር የተነሣችው፤ ሳታነሣው ተቀመጠች። ቦታውም ለሌላ ተሰጠ። በማግሥቱ ሔሩይን ለብቻው ጠርታ «ቤት ውስጥ እንደ ፈለግህ አርመኝ። በሰው ፊት ግን አፍህን ስፋው» አለችው። ማለላት። ካፈረችው በላይ እሱ አፍሮ ነበር።

* * *

በስብሰባው ቀን ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ ጠጉሯን ተሠርታ መጣች። ሔሩይና ኣቦይ ሓዱሽ ግራና ቀኟ ተቀመጡ። ከመድረኩ በላይ «የታችኛው ማኅበረሰብ ድምፅ በንግድ ፖሊሲ» የሚል ጨርቅ ተሰቅሏል። ስብሰባውን የሚመራው አቶ ደመላሽ የሚባል፣ ቶሎ ቶሎ የሚስቅ ደግ ሰው ነበር። አጠገቡ ሳምራዊት የምትባል ወጣት ኮምፒውተር ይዛ የሚባለውን ትጽፋለች፤ የጻፈችው ግድግዳው ላይ ይታያል።

«እዚህ ቃላችሁን አናሳምርም» አለ ደመላሽ ሲጀምር። «አንጨምርም፣ አንቀንስም። እንደ ወረደ ነው የምንጽፈው። አዲስ አበባም የሚነበበው እንደ ወረደ ነው።»

ፍሬወይኒ በክርኗ ሔሩይን ነካችው። «ሰማህ? እንደ ወረደ።»

ተራዋ ሲደርስ ሁለት ቀሚስና የንግግሯን ወረቀት ይዛ ወጣች። አንዱ የእጅ ጥልፍ፣ አንዱ የታተመ። ደመላሽን «ይገልብጧቸው» አለችው። ገለበጣቸው። የታተመው ውስጡ ባዶ ነው። የእጁ ጥልፍ ከጀርባው ክሩና ቋጠሮው ይታያል።

«ይህን ቋጠሮ የምትቋጥር ሴት ዓይኗ ይደክማል» አለች። «ወገቧ ይደክማል። አንዱን ቀሚስ ስትጨርስ ወሩ ያልቃል። ይህ የታተመው ግን በአንድ ቀን ይሰፋል። ርካሽ ነው። ሙሽራዋም እሱን ትገዛለች።»

አንድም ቃል አልሳተችም። ሔሩይ በእጁ ባለው ግልባጭ እየተከተላት ነበር። ገና ዋናው ነገር የተጻፈበት ሁለተኛው ገጽ ይቀራታል። ደመላሽ ግን ሰዓቱን አየ።

«እትዬ ፍሬወይኒ፣ ድንቅ ነው። ጊዜ አጠረን እንጂ ቀኑን ሙሉ ብሰማዎት ደስ ባለኝ። እንግዲህ ይህን ጨርቅ በተመለከተ ማኅበርዎ ምን ይላል? በአንድ ቃል ይንገሩን።»

ሁለተኛውን ገጽ አጠፈችው። በአንድ ቃል መልስ አልተለማመደችም። አንድ አፍታ አሰበችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣

«ይትረፈን!» አለች።

ሔሩይ ከወረቀቱ ቀና አለ።

በትግርኛ «ይትረፈና» ማለት «ይቅርብን፣ አንፈልገውም» ማለት ነው። ፍሬወይኒ መጨረሻውን ወደ አማርኛ ለወጠችው። ቃሉም አማርኛ ሆነ። ግን በአማርኛ «ይትረፈን» ሲባል «ለእኛ ይቅርልን፣ ይድረሰን» ነው።

«ይትረፋችሁ?» አለ ደመላሽ ገርሞት።

«እወ! ይትረፈን!»

«ምን ያህሉ?»

«ሁሉም! አንዲት ክንድ ሳትቀር!»

ደመላሽ ሳቀ። «ኧረ እትዬ፣ ለሌሎቹም ማኅበራት ያስቡ እንጂ!»

«ለሌሎቹም ይትረፋቸው!» አለች ፍሬወይኒ፣ ፊቷ በርቶ።

አዳራሹ አጨበጨበ። ከአዲስ አበባ የመጡት ለደግነቷ አጨበጨቡ። የአገሩ ሰዎች ደግሞ በትግርኛ ጆሯቸው ሰምተው ለድፍረቷ አጨበጨቡ። ኣቦይ ሓዱሽ ወደ ሔሩይ ጎንበስ ብለው «እንዲህ ነው እንጂ፣ ፊት ለፊት!» አሉት።

ግድግዳው ላይ ሳምራዊት ጻፈች፦ «የሸማኔዎችና የጥልፍ ሠራተኞች ማኅበር። ጨርቁ፦ 'ሁሉም ይትረፈን፣ አንዲት ክንድ ሳትቀር።'»

ሔሩይ እጁን ሊያነሣ አሰበ። ጢማሙ ሰውዬና ያ ሳቅ ፊቱ ድቅን አሉበት። ፍሬወይኒ እየሳቀች ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። ዕረፍት ሲሆን በቀስታ አስተካክለዋለሁ አለ በልቡ። ማንም ሳይሰማ።

* * *

የሻይ ዕረፍት ሲሆን ሰዉ ወደ ደጅ ጎረፈ። ሔሩይ ሳምራዊት ጠረጴዛ አጠገብ ቆሞ ጥቂት ጠበቀ።

«ምን ልርዳህ?» አለችው።

«የእኛ ማኅበር... የተጻፈው ልክ አይደለም። አንፈልግም ማለታቸው ነው።»

ሳምራዊት ግድግዳውን፣ ከዚያ እሱን አየች። «ራሳቸው እኮ ናቸው ያሉት። ሁሉም አሉ። ሁለቴ ተጠየቁ።»

«ቃሉ የትግርኛ ነው።»

«አንተ ማን ነህ?»

«ጸሓፊው ነኝ።»

«ወንድሜ፣ አትቀየመኝ» አለች፤ ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም። «ሊቀ መንበሯ በሺህ ጆሮ ፊት የተናገሩትን፣ ጸሓፊው በሹክሹክታ አስለወጠው ይባል? ባለፈው በሄድንበት ከተማ እንዲህ ሆኖ ተጣልተናል። እሳቸው ይንገሩኝ፤ አሁኑኑ አርመዋለሁ።»

ልክ ነበረች። ሔሩይ አመስግኗት ወጣ።

ፍሬወይኒ በረንዳው ላይ በሰው ተከብባ ነበር። ጨርቅ ነጋዴው ኣረፋይነ እጇን በሁለት እጁ ይዞ ይወዘውዛል።

«ፍረ ሓፍተይ! እህቴ! እኔ እኮ ትሰድቢኛለሽ ብዬ ነበር የመጣሁት። ልብሽ እንዲህ ሰፊ መሆኑን መች አውቄ! ጨርቁን እኔ አመጣዋለሁ፤ አንቺ ማኅተምሽን ብቻ ያዢ።»

«ሂድ ወዲያ፣ ቀልደኛ!» አለችው። ሔሩይን ስታየው ወደ እሱ መጣች። «ኣረፋይነ ሲሸነፍ እንዲህ ይቀልዳል። አየኸው አይደል? ስሕተት ነበረብኝ? እውነቱን ንገረኝ። አንድም አልሳትኩም፣ አይደል?»

ፊቷ የልጅ ፊት ሆኖ ነበር። ሔሩይ አፉን ከፈተ። ከአጠገባቸው የሌላ ማኅበር ሴቶች ቆመው ያዳምጣሉ።

«ሻይ... ሻይ ላምጣልዎ?» አለ።

«አምጣልኝ፣ የኔ ወንድም። ስኳሩን ጨምርበት፤ ዛሬ ይገባኛል።»

አመጣላት። ሲሰጣት ስኳሩን ረስቶት ነበር። እሷም «አንተ ነህ እንዴ የተናገርከው? እኔ እንኳ ምንም አልረሳሁም!» ብላ ሳቀችበት።

* * *

ተመልሰው ሲገቡ ደመላሽ ማጠቃለያውን ከግድግዳው ላይ አነበበ። የእነሱ ሲደርስ እንዲህ አለ፦ «ይህ ማኅበር ከሁሉም ግልጽ አቋም ይዟል። ከቀረጥ ነፃ የሚገባው ጨርቅ እንዲደርሰው ይፈልጋል፤ ለሌሎችም አስቧል። ቃሉን እንደ ወረደ ይዘነዋል፦ 'ሁሉም ይትረፈን።' እንግዲህ ሁላችሁም ከተስማማችሁ በጭብጨባ አጽድቁልን። ነገ ይዘነው እንሄዳለን፤ ከዚያ በኋላ የሚነካካው የለም።»

ፍሬወይኒ ከረጅሙ ዓረፍተ ነገር የሰማችው የራሷን ቃል ነው። ከሁሉም በፊት አጨበጨበች። ኣቦይ ሓዱሽም አጨበጨቡ። የሔሩይ እጆች ጉልበቱ ላይ ቀሩ።

«አታጨበጭብም?» አለችው።

«ኣደይ ፍረ...»

«ምን ሆነሃል? አመመህ?»

«ቃሉ» አለ በትግርኛ፣ አፉን ወደ ጆሮዋ አስጠግቶ። «ይትረፈን ያሉት። በአማርኛ አንፈልግም ማለት አይደለም። ለእኛ ይሁን ማለት ነው። ጨርቁን ስጡን ብለዋል ተብሎ ነው የተጻፈው።»

እጆቿ በአየር ላይ ቆሙ። ግድግዳውን አየች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየ፤ እያነበበች ነበር። አንዲት ክንድ ሳትቀር የሚለው ላይ ስትደርስ ዓይኗን ጨፈነች።

«አንተ መቼ ሰማኸው?»

«ሲሉት።»

«ያኔውኑ?»

«ያኔውኑ።»

«ሻዩን ስታመጣልኝ ታውቅ ነበር?»

ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ዳግመኛ ወደ እሱ አልዞረችም። ጭብጨባው ሳያልቅ ተነሣች።

«ኦ፣ እትዬ ፍሬወይኒ!» አለ ደመላሽ። «ምስጋና ነው?»

«አይደለም። ተሳስቻለሁ።» ድምፅዋ ቀጭን ሆነ። «ይትረፈን ያልኩት በትግርኛ ነው። በትግርኛ ይቅርብን ማለት ነው። አማርኛ መስሎኝ ነው።»

ከዚያ ከኋላ አንድ ሰው ገባውና ሳቀ። ወዲያው ሁሉም ገባቸው። በተለይ የአገሩ ሰዎች ሳቁ፤ ሁለቱንም ቋንቋ ስለሚያውቁ ሳቁ የሚብሰው በእነሱ ነበር። ኣረፋይነ ዓይኑን እየጠረገ «ወይ ፍረ! ወይ ፍረ!» ይላል።

«ታዲያ አንዲት ክንድ ሳትቀር ያሉትስ?» አለ ደመላሽ። ክፉ አስቦ አልነበረም፤ ግን ሳቁ እንደ ገና ተነሣ።

ፍሬወይኒ አልተቀመጠችም። አንገቷ ድረስ ቀልታ፣ ሁለት እጇን የፊቷ ወንበር ላይ አድርጋ ቆመች። ሔሩይ ከጎኗ ተቀምጦ የቀሚሷን ጫፍ ያያል። መነሣት፣ ከአጠገቧ መቆም፣ «እኔም ሰምቼ ዝም ብያለሁ» ማለት ይችል ነበር። ወንበሩ ላይ እንደ ተሰፋ ቀረ።

«ሳቃችሁን ጨርሱ» አለች። «እኔ ቆሜ እጠብቃለሁ።»

ሳቁ እየሳሳ ሄዶ ቆመ።

«አንፈልግም» አለች። «ይህች ቃል በሁለቱም ቋንቋ የምታሳፍር አይደለችም። ጨርቁን አንፈልግም። በስማችን አይግባ። ሊያስገባው የፈለገ በራሱ ስም ያስገባ፣ ቀረጡንም ይክፈል። ጻፊው የኔ ልጅ።»

ሳምራዊት የቀድሞውን አጠፋችና ጻፈች። ፍሬወይኒ እስኪያልቅ ቆማ አነበበችው። ከዚያ ወደ ሔሩይ ዘወር ሳትል፣ በእሱ ፋንታ ኣቦይ ሓዱሽን «ኣቦይ፣ ልክ ነው?» አለቻቸው። ሽማግሌው አማርኛ ማንበብ አይችሉም። «ልክ ነው፣ ጓለይ፤ ልክ ነው፣ ልጄ» አሏት።

* * *

ከእንዳ ኢየሱስ ሥር እስከ ቀዳማይ ወያነ በእግር ተመለሱ። ፍሬወይኒና ኣቦይ ሓዱሽ ከፊት፣ ሔሩይ ሁለቱን ቀሚስ በክንዱ ይዞ ከኋላ። ማንም አላናገረውም። እሱ ግን በልቡ ሲናገር ነበር። ቃል አስገብተውኛል እኮ ይላል። አፍህን ስፋው ብለውኛል። በመጋቢት ያደረስኩት ይበቃኛል። እያንዳንዱ እውነት ነበር። ደጋግሞ ሲለው ግን እየቀለለ ሄደ።

ሴቶቹ ሥራቸውን እንደ ያዙ ይጠብቁ ነበር። «እህሳ?» አሉ ገና በር ላይ።

«አንፈልግም ተብሎ ተጽፏል» አለች ፍሬወይኒ። እልልታው ሳያልቅ እጇን አነሣች። «ቆዩ። እንዴት እንደ ተጻፈ ስሙ።»

ተረከችላቸው። ምንም አልሸሸገችም። ደመላሽ «ምን ያህሉ?» ሲል በእሱ ድምፅ፣ «አንዲት ክንድ ሳትቀር!» ስትል በራሷ ድምፅ። ሴቶቹ እርስ በርስ እየተደጋገፉ እስኪያለቅሱ ሳቁ። «ለሌሎቹም ይትረፋቸው!» ስትል አሰገደች የምትባለው ጠላፊ ጥልፏን ጥላ መሬት ተቀመጠች። ይህ ሳቅ እንደ አዳራሹ አልነበረም። ፍሬወይኒም አብራ ሳቀች፤ አንገቷ ግን አሁንም ቀይ ነበር።

«እንግዲህ ይህ የእኔ ነው» አለች። «የቀረውን ጸሓፊያችን ይነግራችኋል።»

ሔሩይ ቀሚሶቹን እንደ ያዘ መሐል ወጣ። ሁሉም ሌላ የሚያስቅ ነገር ሊመጣ ነው ብለው ፊታቸውን ወደ እሱ አዞሩ።

«እኔ» አለ። «ስሕተቱን ያኔውኑ ሰምቼ ነበር። አልተናገርኩም። በዕረፍት ጠይቀውኝ ነበር፣ አልሳትኩም አይደል ብለው። ሻይ አመጣሁላቸው።»

ፈገግታው ከፊታቸው ጠፋ።

«ለምን አልነገርካትም?» አለች አሰገደች፣ ከመሬት ሳትነሣ።

«በሰው ፊት አታርመኝ ብለውኝ...» ብሎ ጀመረና ፍሬወይኒን አየ። መርፌዋን አንሥታ ክር ልታስገባ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዞራ ነበር። የምትከለክለው አትመስልም፤ የምትረዳውም አትመስልም።

«እሱ አይደለም» አለ። «በዕረፍት እኮ ለብቻቸው ልነግራቸው እችል ነበር። መቆም አፍሬ ነው። ሲያፍሩ ማየትም አፍሬ ነው። ዝም ብል ያልፋል ብዬ ነው።»

«ቢያልፍስ? ጨርቁ በስማችን ሲገባ ምን ትል ነበር?»

ሔሩይ ክንዱ ላይ ያለውን ቀሚስ ተመለከተ።

«ምንም» አለ። «ማንም አያውቅብኝም ነበር።»

አሰገደች ጥልፏን ከመሬት አንሥታ አቧራውን አራገፈች። ሌሎቹም አንድ በአንድ ወደ ሥራቸው ጎንበስ አሉ። እሱ ግን መሐል ቤቱ እንደ ቆመ ነው። ሂድ ያለው የለም፤ ተቀመጥ ያለውም የለም።

ፍሬወይኒ ክሩን አስገብታ ጫፉን በጥርሷ ቆረጠች።

«ኮፍ በል» አለችው በትግርኛ። ቁጭ በል ማለቷ ነው።

ወደ ስፌት መኪናው ሄዶ ተቀመጠ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በቤቱ ውስጥ አማርኛዋን እንዲያርምላት አልጠየቀችውም። እሱም አላረመም።